አላፊ ብር

ስህተቱ የተሠራው ሐሙስ ማታ ነው። የተገኘው ቅዳሜ፣ ቡና ላይ። መሀል ላይ ያለችውን ዓርብ ቀኑን ሙሉ በራሴ ስኮራ ዋልኩ።

የምሠራው የብሪታንያ አካል በሆነችው ዌልስ፣ ዋና ከተማዋ ካርዲፍ፣ ስደተኞችን የምትረዳ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ሥራዬ "አስተርጓሚ" ይላል። ድርጅቷ ትንሽ ስለሆነች ግን አስተርጓሚው ደብዳቤም ይጽፋል፣ ወንበርም ይደረድራል፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስም የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ቀን አለቃዬ መጡና "የለንደኑ ፓርላማ የዌልስ ጉዳዮች ኮሚቴ የጽሑፍ አስተያየት እየተቀበለ ነው፤ እኛም ሁለት ገጽ እንላክ" አሉኝ። እዚህ አገር አለቃ በስሙ ነው የሚጠራው። እኔም በእንግሊዝኛ በስማቸው እጠራቸዋለሁ። በአማርኛ ሳስባቸው ግን "እሳቸው" ናቸው። ስንት ዓመት ሆነኝ፣ አልለቀቀኝም።

ኮሚቴው የሚከታተለው በተለምዶ የዌልስ ቢሮ የሚባለውን የለንደን መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ስለዚህ መሥሪያ ቤት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካርዲፍ ያለው ቢሮው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ መሆኑን። የሕንፃው ስም ቲ ዊልያም ሞርጋን ነው። "ቲ" በዌልስኛ ቤት ማለት ነው። ዊልያም ሞርጋን ደግሞ በ1588 መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዌልስኛ የተረጎመው ሰው ነው። በተርጓሚ ስም የተሰየመ የመንግሥት ሕንፃ! በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ከዚያ በላይ ለማወቅ ግን አልሞከርኩም ነበር።

እናም ሐሙስ ማታ፣ የመላኪያው ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርት ከፈትኩ። አንድ ቁጥር ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ከ15 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ይላል። ሚሊዮን አይደለም። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት።

ከዚያማ እጄ አላረፈም። "በየዓመቱ ይህን ያህል ቢሊዮን የሚያወጣ መሥሪያ ቤት፣ ቋንቋ ለማያውቅ በሽተኛ አስተርጓሚ መቅጠሪያ እንዴት ያጣል?" ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሯን ወደድኳት። ከፍ አድርጌ ገጹ አናት ላይ አስቀመጥኳት። ለአለቃዬ በስልክ ላነብላቸው ስል መንገድ ላይ ነበሩ፤ "አንተ ካየኸው ይበቃል፣ ላከው" አሉ። ላክሁት።

ቅዳሜ ጋሼ መጡ። ጋሼ በበጎ ፈቃድ የሚያግዙን ሰው ናቸው። አገር ቤት ረጅም ዘመናቸውን ዞን ፋይናንስ ላይ ነው የሠሩት። እዚህ ማንም ስለዚያ ጠይቋቸው አያውቅም። ያው ጉራ ነገር ይዞኝ ጽሑፉን አትሜ ሰጠኋቸው። እያነበቡ ቡናቸውን ፉት አሉ። አናቱ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርሱ ሲኒውን አስቀመጡ።

"ይሄን ቁጥር ከየት አመጣኸው?"

ሪፖርቱን በስልኬ ከፍቼ አሳየኋቸው። አስፍተው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ እስከ ዳር ሄዱ። እኔ ቁጥሩን ብቻ ነው ያየሁት፤ እሳቸው ከቁጥሩ ጎን ያለውን ቃል አነበቡ። ገንዘቡ ወደ ዌልስ መንግሥት ካዝና የሚተላለፍ ድጎማ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ አላፊ ብር ነው። እዚያ ቤት አያድርም። ደመወዝ ከፋዩ ብር በከረጢት ይዞ ሲመጣ አይተህ ሀብታም ነው ትለዋለህ?"

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዌልስ የሚመደበውን ገንዘብ የለንደን ፓርላማ ሲያጸድቅ የሚያጸድቀው በዌልስ ቢሮ በጀት ሥር ነው። ቢሮው ተቀብሎ ለካርዲፉ መንግሥት ያስተላልፋል። ለራሱ ሥራ፣ ለሠራተኛ ደመወዝና ለቢሮ ወጪ የሚቀረው ጥቂት ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ሠራተኛውም ጥቂት ነው። ቢሊዮኑ ሐኪም ቤት ይሠራበት ወይስ ትምህርት ቤት የሚወስነው ካርዲፍ ያለው መንግሥት ነው፤ ያንን የሚቆጣጠረው ደግሞ የዌልስ ፓርላማ፣ ሴኔድ። ስለዚህ የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ጥያቄዬ የተሳሳተ በር ነው ያንኳኳው። በዚያ ላይ ጮክ ብሎ።

እውነቱን ለመናገር በጣም ያናደደኝ ነገሩን ማወቅ ይገባኝ የነበረ መሆኑ ነው። ድጎማ ምን እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? ከፌዴራል ለክልል የሚወርድ ገንዘብ፣ የቀመሩ ክርክር፣ "ለእኛ ክልል አነሰ" የሚለው ሙግት፣ በዚህ ሁሉ አድገናል። እኛ ጋ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚህ ባርኔት የሚባል ቀመር አላቸው፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት፣ የለንደኑ ገንዘብ ሚኒስቴር የሚያሰላው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን የማውቀው ነገር የማላውቀው መሰለኝ።

ለአለቃዬ ደወልኩ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው ሳቁ፤ የሚያሳፍር ሳቅ አልነበረም። "ግማሹ የአገሬ ሰውም አያውቀውም" አሉኝ። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ሻይ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና ታሪኩን አጫወቱኝ። በ1997 ዌልስ የራሷ ምክር ቤት ይኑራት ወይ ተብሎ ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ እሳቸው ወጣት ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሬዲዮ ሥር አደሩ። ውጤቱ ሲነጋጋ መጣ፤ "ይኑራት" ያሉት በ6,721 ድምፅ ብቻ በለጡ። 50.3 በመቶ። ቁጥሯን የልጅ ልደት እንደሚናገር ሰው ነው የነገሩኝ።

ከዚያ በፊት ነገሩ ሌላ ነበር። የዌልስ ጉዳይ ሚኒስትር የሚባል ሹመት የመጣው በ1964 ነው። ሚኒስትሩ ለንደን ተቀምጦ የዌልስን ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ያስተዳድር ነበር። በ1999 ምክር ቤቱ ሲቋቋም ይህ ሥራ ወደ ካርዲፍ ወረደ። ለንደን፣ ኋይትሆል ጎዳና ላይ ባለችው የዌልስ ቢሮ ቤት፣ ግዊደር ሃውስ ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? መናገር። ዌልስን ወክሎ ካቢኔ ውስጥ መናገር፣ የካቢኔውን ሐሳብ ደግሞ ለዌልስ መናገር።

"አየህ" አሉኝ አለቃዬ፣ "ሥራቸው ያንተ ዓይነት ነው።"

ይህችን ነገር መዋጥ አቃተኝ። አስተርጓሚን በምን ትቆጣጠረዋለህ? የሠራው ድልድይ የለም፣ የገዛው መድኃኒት የለም። በሩ ተዘግቶ የተናገረው ቃል ብቻ ነው ያለው። ኮሚቴው ከ1979 ጀምሮ አለ፤ ያኔ የሚቆጣጠረው ሐኪም ቤት የሚያስተዳድር ሚኒስትር ነበር። ዛሬ የሚቆጣጠረው ተናጋሪ ነው። ሚኒስትሩን ጠርቶ "ካቢኔ ውስጥ ለዌልስ ምን አልክ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የካቢኔ ውይይት ግን በደንቡ ምስጢር ነው። ሚኒስትሩ በውስጥ ቢከራከርም ቢሸነፍም፣ ውጭ ሲወጣ ውሳኔው የሁሉም ነው። ታዲያ ታግሎ የተሸነፈውን ጭራሽ ካልተናገረው በምን ትለየዋለህ?

አለቃዬ የባቡሩን ነገር ምሳሌ ሰጡኝ። ኤችኤስ2 የሚባለው ፈጣን ባቡር አንዲት ሜትር ሐዲዱ ዌልስ ውስጥ የለም። መንግሥት ግን "የእንግሊዝና የዌልስ ፕሮጀክት" ብሎ መደበው፤ ዌልስም ከባቡሩ እንደምትጠቀም ተቆጠረ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በባርኔት ቀመር ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ድርሻ ሲያገኙ ዌልስ አላገኘችም። ኮሚቴው በ2021 ባወጣው ሪፖርት ምደባው ተቀይሮ የእንግሊዝ ብቻ ይባል አለ። መንግሥት አልተቀበለውም። ኮሚቴው መጠየቅ፣ መመርመርና መምከር ይችላል፤ ማዘዝ አይችልም። "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?" አልኳቸው። "ካልተጠየቀ ማን ያውቀው ነበር?" አሉኝ።

ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ጻፍን። ስህተት ሠርተናል፣ የታረመ ቅጂ እንላክ ወይ አልን። ጽሑፉ ገና ተቀባይነት አግኝቶ ይፋ አልሆነም ነበርና ተፈቀደልን። ዕድለኞች ነን። አንዴ ይፋ ከሆነ ያቺ የምወዳት ዓረፍተ ነገር በፓርላማው መዝገብ ላይ የድርጅታችንን ስም ተሸክማ ትቀር ነበር።

አዲሱን ጽሑፍ ሦስት ሆነን ሠራነው። ጋሼም ነበሩ፤ አለቃዬ ራሳቸው ናቸው ወንበር የሳቡላቸው። ሁለቱ ገጽ ወደ አንድ ተኩል ወረደ። ቢሊዮኑ ወጣ፣ "ያሳዝናል" የሚሉ ቃላት ወጡ። የቀረው በእኛ ሰዎች ሕይወት ላይ ሁለቱ መንግሥታት የሚገናኙበት ስፌት ነው። የጥገኝነት ጉዳይ የለንደን ሥልጣን ነው፤ ሰውዬው የት ከተማ እንደሚያርፍ የሚወስነው የለንደኑ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ሆም ኦፊስ ነው። ሰውዬው ካረፈ በኋላ ግን የሰፈር ሐኪሙ (ጂፒው)፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው አስተርጓሚ የካርዲፉ መንግሥት ኃላፊነት ናቸው። መሀላቸው መነጋገር አለበት። ያ ደግሞ የዌልስ ቢሮ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቻችን እንዲህ ሆኑ። ማረፊያ ሲወሰን ቢሮው ከውሳኔው በፊት ነው የሚሰማው ወይስ በኋላ? በዚህ ጉዳይ ላይ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ከሆም ኦፊስ ጋር ተገናኘ? ከካርዲፍ የመጣ ምን ጥያቄ ይዞ ሄደ? ምን መልስ ይዞ ተመለሰ? ጋሼ አንዱን ጨመሩ፦ "ማን ነው የጻፈው? ቃለ ጉባኤ ከሌለ ስብሰባ የለም።" ሳቅን፤ ግን ገባ። ካቢኔው ምስጢር ቢሆን፣ የስብሰባ ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ምስጢር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የፓርላማ አባላት ለዌልስ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ሲያቀርቡ በፓርላማው ቴሌቪዥን ማየት ለምጃለሁ። በየጥቂት ሳምንቱ ረቡዕ፣ በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰላሳ ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰዓት ይመጣል። አዳራሹ ወደ መጨረሻው ሲሞላ የዌልሱ ጥያቄ በሰው ጫጫታ ይዋጣል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የምሰማው።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ እኔው ራሴ ስለ ሰዎቻችን መኖሪያ ቤት ጉዳይ ለመነጋገር አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሻይ ሰጡኝ። ስመለስ እትዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። በእግራቸው ነው የመጡት፤ ነጠላቸው በዝናብ ርሷል።

"ሄድክልን ልጄ?"

"ሄድኩ እትዬ።"

"ስለኔ ምን አልክላቸው?"

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ማክሰኞን ገለጥኩ። ቀኑ አለ። ከሥሩ በራሴ እጅ ጽሑፍ "ስብሰባው ጥሩ ነበር" ይላል።

እትዬ አንገታቸውን አስግገው ገጹን ያዩታል። ማንበብ ይችላሉ።