ጋዝ እንዲያፈስ ተብሎ የተበሳ ብረት

200 አትሞስፌር፣ ማለትም የተራ አየርን 200 እጥፍ ግፊት የሚይዝ የብረት ዕቃ ላይ ሆን ብሎ ቀዳዳ መሰርሰር ለማንኛውም መካኒክ እብደት ነው። የአሞኒያ ፋብሪካ ግን መቆም የቻለው በዚህ እብደት ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው፣ ከአሞኒያ የሚሠራው ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ያ ናይትሮጂን ከአየር ወጥቶ ከረጢት ውስጥ እንዲገባ ሁለት ፈጠራዎች አስፈልገዋል። አንደኛው የኬሚስት፣ ሁለተኛው የመካኒክ። ትምህርት ቤት የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

የኬሚስትሪው ጣጣ ይህ ነው። አንድ ናይትሮጂንና ሦስት ሃይድሮጂን ተዋህደው ሁለት አሞኒያ ይሆናሉ፤ ሙቀትም ይለቃሉ። አራት የነበረው ሁለት ስለሚሆን ግፊት ይረዳዋል። ሙቀት ስለሚለቅ ደግሞ ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ ግን በቀዝቃዛው ናይትሮጂን ንቅንቅ አይልም። ካሞቁት ይሠራል፣ ምርቱ ግን ይወድቃል። በ500 ዲግሪ ሴልሺየስና በተራ የአየር ግፊት ከጋዙ ውስጥ አሞኒያ የሚሆነው ከሺህ አንድ ያህል ነው። ግፊቱን ወደ 200 አትሞስፌር ሲያወጡት ወደ 18 በመቶ ይደርሳል።

ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር በ1908 ያስመዘገበው ፓተንት ዋና ብልሃቱ ማዞር ነው። ጋዙ ግፊቱን ሳይለቅ በካታሊስቱ (ውህደቱን በሚያፋጥነው ነገር) ላይ ያልፋል፤ የተፈጠረው አሞኒያ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል፤ ያልተዋሃደው በፓምፕ ተመልሶ ይገባል፤ ሲወጣ ትኩስ የነበረው ጋዝ የሚገባውን ያሞቃል። ዛሬም ቢሆን በአንድ ዙር የሚለወጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነውና፣ ያለ ዙሩ ነገሩ ሁሉ ኪሳራ ነበር። ተቀናቃኝ ኩባንያ «ኬሚስቱ ኔርንስት ቀደም ብሎ በግፊት ሞክሮታል፣ አዲስ ነገር የለውም» ብሎ የከፍተኛ ግፊቱን ፓተንት በ1912 ላይፕዚግ ፍርድ ቤት ቢሞግትም፣ ኔርንስት ራሱ ቀርቦ ለሃበር ወገን መሰከረ፤ ፓተንቱም ጸና።

ሃበር በካታሊስትነት የተጠቀመበት ኦስሚየም በዓለም ላይ ከስንት አንዴ የሚገኝ ብረት ነው። የሃበርን ዘዴ ወደ ፋብሪካ ባሳደገው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ቢኤኤስኤፍ ውስጥ አልዊን ሚታሽና ባልደረቦቹ እስከ 1912 ድረስ 2,500 ዓይነት ቅልቅል በ6,500 ሙከራ ፈተሹ። ያሸነፈው ማግኔታይት፣ ማለትም የብረት ማዕድን ነው፤ ጥቂት አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እና ጥቂት ፖታሽ (የፖታሽየም ውህድ) ተጨምሮበት። አሉሚናው ብረቱ በሙቀት እርስ በርሱ እንዳይጣበቅና የውስጥ ገጽታውን እንዳያጣ ይይዘዋል። ፖታሽየሙ ናይትሮጂንን መሰንጠቁን ያቀልላል። ድኝ ከነካው አለቀ፣ አይድንም። ካርቦን ሞኖክሳይድና እርጥበት ግን ያደነዝዙታል እንጂ ቶሎ አይገድሉትም፤ ንጹሕ ጋዝ ሲያገኝ ይነቃል። አዲስ ካታሊስት ሲጫን ማግኔታይቱ (የብረት ኦክሳይድ ነው) በሃይድሮጂን ቀስ ተብሎ ወደ ብረት ይቀየራል። እዚህ ላይ ችኮላ አይሠራም፤ ሙቀቱን በፍጥነት ካወጡት የሚወጣው ውኃ በዝቶ ከታች ያለውን፣ ቀድሞ የተቀየረውን ያበላሸዋል። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ አየር ከነካው ይግላል፣ ይነዳል።

ፋብሪካውን የመሥራቱን ሥራ የያዘው የቢኤኤስኤፉ ካርል ቦሽ የገጠመው ችግር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር። ውህደቱ የሚካሄድባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትልልቅ ቱቦዎች ከወፍራም አረብ ብረት ተሠርተው፣ በአርማታ ግድግዳ ተከልለው፣ ከውጭ በእሳት እየሞቁ ሥራ ጀመሩ። ከ80 ሰዓት በኋላ ፈነዱ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ብረቱም የተጻፈለትን ጥንካሬ ነበረው። ስብርባሪው ተቆርጦ፣ ተወልውሎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ከውስጥ በኩል ያለው ብረት ሌላ ነገር ሆኗል፤ ጥንካሬ የሚሰጠው ካርቦን ያለበት ክፍል፣ ፐርላይት የሚባለው፣ ጠፍቷል። ካርቦኑን ያጣ ብረት ሊለሰልስ ሲገባው ይኼኛው እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ምክንያቱ ሃይድሮጂን ነው። በዚያ ሙቀትና ግፊት የሃይድሮጂን አተም ብረት ውስጥ ይሰርጋል፣ ካርቦኑን ያገኛል፣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ሚቴን ደግሞ ትልቅ ነው፤ የገባበት በር አያስወጣውም። እዚያው በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ እየተጠራቀመ ከውስጥ ይገፋል፤ ጥቃቅን ስንጥቆች ይጀምራሉ፣ ይገናኛሉ። ግድግዳውን ማወፈር ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም።

የቦሽ መልስ ልብስ ሰፊ የሚያውቀው ነው፤ ገበር። ውስጡን ካርቦን የሌለው ማለት ይቻላል በሚባል ለስላሳ ብረት ገበሩት። ካርቦን ከሌለ ሚቴን የለም። ገበሩ ደካማ ቢሆንም በውጪው ጠንካራ ቱቦ ላይ ተደግፎ ግፊቱን ያስተላልፋል፤ ጋዙን የሚይዘው ገበሩ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ካባው ነው። ግን ሃይድሮጂን ገበሩንም ሰርጎ ያልፋል። በገበሩና በካባው መካከል ከታሰረ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይገነባል፣ ካባውንም ይበላዋል። ስለዚህ ካባው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተሰረሰሩ፤ ያለፈው ሃይድሮጂን ካባውን ለመጉዳት ጊዜ ሳያገኝ ወደ አየር ይወጣል። የሚባክነው ጋዝ ከቁጥር አይገባም። የማሞቂያ እሳቱም ከውጭ ወደ ውስጥ ተዛወረ፤ ሸክም ያለበትን ብረት ከውጭ መጥበስ በገዛ እጅ ማዳከም ነበር። በሴፕቴምበር 1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሃበር ብልሃት ይልቅ ይህ ቀዳዳ ነው የሚያስደንቀኝ።

ኋላ ላይ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት አረብ ብረት መጣ፤ ሁለቱ ካርቦኑን አጥብቀው ስለሚይዙት ሃይድሮጂን አይነጥቃቸውም። የትኛው ብረት በስንት ሙቀትና በስንት የሃይድሮጂን ግፊት እንደሚቋቋም የኔልሰን መስመሮች የሚባሉት ያሳያሉ። መስመሮቹ የተሰመሩት ከደረሱ ጉዳቶች ነውና በጭፍን አይታመኑም። በ2010 ዋሽንግተን ግዛት፣ አናኮርቲስ ባለ የነዳጅ ማጣሪያ አንድ ሙቀት መለዋወጫ ተቀዶ ሰባት ሠራተኞች ሞተዋል፤ የተሠራበት ካርቦን ስቲል (ተራ አረብ ብረት) በመስመሩ መሠረት ደህና ከሚባለው ወገን ነበር።

ቀዳዳውም አልጠፋም። ዛሬ የዩሪያ ሬአክተር ላይ ከታች ከላይ ተደርድሮ ይታያል፤ ሥራው ግን ተለውጧል፣ እዚህ ዘበኛ ነው። ውስጥ ያለው ካርባሜት የሚባል ፈሳሽ ተራ አረብ ብረትን በፍጥነት ይበላል፤ የሚከላከለው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስስ ገበር ነው። ገበሩ ብየዳው ላይ ከተሰነጠቀ ፈሳሹ ከኋላው ሄዶ በቀዳዳው ይወጣል፤ የአሞኒያ ሽታ ይመጣል፣ ሬአክተሩ ይቆማል፣ ይጠገናል። ክፋቱ ካርባሜት ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ነጭ ጨው ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ያኔ ሽታ የለም፣ ጠብታ የለም፣ ካባው ግን ከውስጥ እየተበላ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸው በየጊዜው ይፈተሻል፤ የሚያፈስ ቀዳዳ ሲገኝ ደግሞ በቡሎን መድፈን ክልክል ነው።