ለሁለት ሳምንት ያስገባሁት ልጅ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አንድ ጎዳና አዳሪ ወጣት ለሁለት ሳምንት ብዬ ቤቴ አስገባሁ። የራሱን ቤት ተከራይቶ የወጣው በታኅሣሥ ነው። ይህን የምጽፈው ስላስጠጋሁት ተጸጽቼ አይደለም፤ ነገም ቢመጣ በሬን እከፍትለታለሁ። የምጽፈው በመካከሉ አራት ወር ሙሉ በአንድ ጽሕፈት ቤት ምልልስና በእኔው ጥፋት ስለባከነ ነው። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አይባክንም ነበር።

መምህር ነኝ። ልጁ ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ጫማ ይጠርግ ስለነበር ለሁለት ዓመት ያህል በየጠዋቱ ሰላም እንባባል ነበር። የ19 ዓመት ወጣት ነው። የተወለደው ጋሞ ደጋ ላይ ነው። ዐሥር ዓመት ሲሞላው አንድ የአገሩ ሰው «ሽመና አስተምረዋለሁ፣ ትምህርት ቤትም አስገባዋለሁ» ብሎ ከእናቱ ተቀብሎ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አመጣው። ትምህርቱ ቀረ፤ ከንጋት እስከ ምሽት ማግ ሲያጠነጥን፣ እግሩ ሲረዝም ደግሞ ከሽመናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወረውር አራት ዓመት ኖረ። በዐሥራ አራት ዓመቱ ጠፍቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያደረው በረንዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ልጆች ብዙ መሆናቸውን ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ጥለቱ ያማረ የአገር ልብስ ስንገዛ ግን ማን እንደሸመነው የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

በዚያ ሐምሌ ያድርበት የነበረው በረንዳ በቆርቆሮ ታጠረ። ሦስት ቀን ሲያስል ሰማሁት፤ በአራተኛው ቀን ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ። የምኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከእናቴና ከዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ልብስ ገዛንለት፣ ለሕንፃው ኮሚቴ እንግዳ መቀበሌን በጽሑፍ አሳወቅሁ። በዚህ ሁሉ ችግር አልገጠመኝም።

ሳሎን ላይ ፍራሽ አነጠፍንለት። እሱ ግን ፍራሹን ትቶ ከበሩ ሥር፣ ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ተንተርሶ ይተኛ ነበር። ጎዳና ላይ መጀመሪያ የሚሰረቀው ጫማ ነው። ላስነሣው ስል እናቴ «ተዪው፤ ቤቱን ሲያምን ራሱ ያነሣዋል» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጫማው ከልጄ ጫማ አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቁልፍ የሰጠሁት በዚያው ቀን ነው። ጎረቤቶቼ «ዕብድ ነሽ» አሉኝ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ቁልፍ የማትሰጡትን ሰው አታስገቡ። ከበር ውጭ ቆሞ እስክትመጡ የሚጠብቅ ልጅ አሁንም በረንዳ አዳሪ ነው። ገንዘቡንም አትያዙበት። ከጫማ ጠረጋው የሚያጠራቅመውን በቆርቆሮ ጣሳ አድርጎ በራሱ መሳቢያ ይቆልፍ ነበር፤ ስንት እንዳለው አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቤት ፍለጋ ስንጀምር መጀመሪያ ያየናቸው አከራዮች ሁሉ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ መታወቂያና ተያዥ። ተያዥ እኔ እሆናለሁ። መታወቂያ ግን የለውም፤ በሕይወቱ ይዞ አያውቅም። የልደት ምስክር ወረቀትም የለውም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፣ እሱ በዚያ ጊዜ ከአገሩ ወጥቶ ነበር። በዚያው በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ለተከራይ የሚበጅ ሕግ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሰው ወደ ውሉ የሚገባበት በር የለውም። ስለዚህ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድን።

ጥፋቴ የተጀመረው እዚያ ነው። ሰልፉ ላይ ሳለን አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ከጎዳና የመጣ ነው ካልሽ አይሰሙሽም፤ የእህቴ ልጅ ነው በያቸው» አለችኝ። ምክሯ ደግነት መስሎኝ ተቀበልኩት። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «ምንሽ ነው?» አለችኝ። «የእህቴ ልጅ ነው» አልኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሱን ማንም አልጠየቀውም፤ እሷም፣ እኔም። በስሙ ማኅደር ተከፈተ፤ በዝምድና ሥር «የእህት ልጅ» ተብሎ ተጻፈ። በአንድ ቀን ማኅደር ማስከፈት መቻሌ እያስደሰተኝ ወጣሁ።

በሳምንቱ የእህቴን መታወቂያና የልጁን የልደት ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። እህቴ የምትኖረው ደሴ ነው፤ ልጁን በዓይኗ አይታው አታውቅም። «ከክፍለ ሀገር ስለመጣ ማስረጃው ጠፍቶበታል» አልኩ፤ አንዱን ውሸት በሌላ ደገፍኩት። «እንግዲያው ከመጣበት ወረዳ መሸኛ ያምጣ» አሉኝ። በዐሥር ዓመቱ የወጣ ልጅ፣ ነዋሪ ተብሎ ተመዝግቦ ከማያውቅበት ቦታ፣ መሸኛ ሊያመጣ! ይህን ብዬ ስከራከር ሠራተኛዋ መስኮቱን ዘጋች። ኃላፊውን ለማግኘት አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ኔትወርክ የለም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባለጉዳይ የሚስተናገደው ከሰዓት በኋላ ነው ተባልኩ። ከሰዓት በኋላ ስሄድ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቀኑ አልቋል አለኝ። ለእያንዳንዱ ቀን ከትምህርት ቤት ፈቃድ እጠይቅ ነበር፤ ልጁም ሣጥኑን ትቶ የቀን ገቢውን ያጣ ነበር። ይህን ኪሳራ የሚመዘግብ ማንም የለም።

ነሐሴ ሙሉ ወደ አገርህ ሄደህ መሸኛህን አምጣ እያልኩ ወተወትኩት። «እሺ» ይላል፣ አይሄድም። ተቆጣሁ። አንድ ቀን ማታ «ቤት የማትፈልግ ከሆነ ንገረኝና እኔም ልረፍ» አልኩት። ይህን በመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ራት ሳይበላ ተኛ። እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ለእሷ ነግሯት ኖሯል። እናቱን ካያት ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጋሞዎች ለመስቀል የትም ቢሆኑ አገራቸው ይገባሉ፤ ሸማኔው ሽሮ ሜዳን ባዶ አድርጎ፣ የዓመት ጥሪቱን ተሸክሞ ይሄዳል። እሱ ዘጠኝ መስቀል ቀርቷል። «አዲስ አበባ ኖሬ ባዶ እጄን እናቴ ፊት አልቆምም» ነው ያለው። እኔ ስንፍና ያልኩት ይህንን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለእናቱ ነጠላ፣ ስኳርና ቡና ገዝተን፣ ጣሳውን ከፍቶ የራሱንም ጨምሮበት፣ መስከረም 14 ቀን 2017 አሳፈርኩት። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌላው ስሕተቴ ይኸው ነው፦ ለእናቱ ሲባል ቀኑ ከሁሉ የተመረጠ ነበር፣ ለጽሕፈት ቤት ግን ከሁሉ የከፋ። እዚያ መስቀል በአንድ ቀን አያልቅም፤ ማኅተም የሚይዘው ሰው እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መስክረውለት፣ የእናቱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ የተጻፈበት ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ። ፎቶግራፉ ላይ ማኅተም፣ ከላይ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው። እንከን የሌለበት ወረቀት ነበር። በጥቅምት ወር በአንዱ ሰኞ ጠዋት ይዘን ገባን።

በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው ተቀበሉን። ደብዳቤውን አነበቡ፤ ከማኅደሩ የእኔን ቃል አወጡ፤ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። «እዚህ የእህትዎ ልጅ ነው ብለዋል። እዚህ እናቱ ሌላ ሴት ናት። የትኛው ነው እውነቱ?» አሉኝ። ሰዎች መታወቂያ ለማግኘት በሐሰት ዝምድና እንደሚመጡ፣ እሳቸውም እንደሚጠየቁበት ነገሩኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፤ አላመኑኝም። ለምንስ ያምኑኛል? በማኅደሩ ላይ «በማጣራት ላይ» የሚል ተጻፈበት። መቼ እንደሚያልቅ ብጠይቅ «እናሳውቃለን» ተባልኩ። በዚህ ጽሕፈት ቤት ላይ ያለኝ ቅሬታ ብዙ ነው፦ ሕጉን የሚያስረዳ ወረቀት አንድም ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፣ ሁለት ሠራተኞች ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፣ ሰልፉ ላይ የሚያረጁ ሰዎች አሉ። በዚያ ሰኞ ግን ትክክል የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ደረጃውን ስንወርድ ልጁ ቆመ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞታል። ዞር ብሎም ሳያየኝ «እትዬ፣ እናት እኮ አለኝ» አለ።

በዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ማታ ይቅርታ ጠየቅሁት። እንጀራ ሰጥቼ ስሙን የቀየርኩበት ያህል ተሰምቶኛል፤ የእናቱን ቦታ ሳልጠይቀው ለእህቴ ሰጥቼ ነበርና። አስጠጊዎች ሆይ፣ የሰውን ልጅ ታሪክ ለራሳችን እንዲቀለን አንጻፍበት። «ዝምድና የለንም፤ ማደሪያ ስላጣ አስጠግቼዋለሁ» ማለት ሕጋዊ መልስ ነው፣ አያሳፍርም።

መፍትሔው የመጣው እኛ ካልቆምንበት ሰልፍ ነው። ወረዳው ሁልጊዜ «መጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ሌላው በኋላ» ይላል። እኔ ደግሞ በግልጽ እቃወማለሁ፦ መጀመሪያ ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ። ፋይዳ ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ መሸኛ የሚባል ነገር አይነሣም። ምዝገባው በነጻ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ ፋይዳ ባለው ሰው ምስክርነት መመዝገብ ይችላል። ይህ በ2015 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ በዚያ ሁሉ ምልልስ ግን አንድም ሠራተኛ አልጠቆመኝም፣ እኔም አስተማሪ ሆኜ አላነበብኩም።

ኅዳር ላይ ሄድን። መዝጋቢው «ምኑ ነዎት?» አለኝ። «ምኑም አይደለሁም፤ አውቀዋለሁ» አልኩ። ጻፈው። ፊቱ ፎቶ ተነሣ፣ የዓይኑ ብሌን ተነበበ፤ ጣቱ ላይ ስንደርስ መሣሪያው እምቢ አለ። የዓመታት የጫማ ቀለም ከጣቶቹ መስመሮች ውስጥ ገብቶ አሻራው አልነበብ አለ። መዝጋቢው አልተቆጣም፣ ነገ ተመለሱም አላለም፤ «በሎሚና በሳሙና ታጥበህ ና፣ እጠብቅሃለሁ» አለው። ከጎን ካለው ሱቅ ሎሚ ገዛን፤ ቧንቧው ሥር ተቀምጦ ዐሥሩንም ጣቶቹን እያንዳንዳቸውን አሸ። ሲመለስ አሻራው ተነበበ። ከቀናት በኋላ ቁጥሩ ደረሰው፤ ዐሥራ ሁለቱን አኃዝ በዚያው ማታ በቃሉ አጠናው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። የባንክ ሒሳብ ከፈተ፣ ጣሳውን ባዶ አደረገ። ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ዘንድ በቁርጥ መሥራት ጀመረ፤ እጁ ጥለቱን አልረሳውም ነበር። ታኅሣሥ ላይ በወር 3,000 ብር፣ መጸዳጃው የጋራ የሆነ አንድ ክፍል አገኘ። አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ። እኔ ከመናገሬ በፊት እሱ «ሕጉ ሁለት ወር ነው የሚለው፣ እማማ» አላቸው። ተስማሙ። ውሉንም አስመዘገብነው፤ አከራዮች ይሸሹታል፣ እናንተ ግን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ያለ ውል የገባ ልጅ በአንድ ማታ ተመልሶ በረንዳ ላይ ነው።

የነዋሪነት መታወቂያው እስከ ዛሬ አልወጣም። በጽሑፍ ቃሌን አስተካክዬ፣ የሰጠሁት ቃል ሐሰት እንደነበር ፈርሜ አስገብቻለሁ፤ ቀጠሮው ለፊታችን ሐሙስ ነው። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ አብረን እንሄዳለን። ማኅደሩን እኔ እይዛለሁ፤ የሚናገረው እሱ ነው።