የብረት የዶሮ ቤት ስትገዙ ከስፋቱ በፊት ሽቦውን እዩ

ቆማችሁ የምትገቡበት የዶሮ ቤት ሌላ ነገር ነው እኮ። ትንንሾቹ የእንጨት ቤቶች ላይ ዶሮ ያረባ ሰው የምለው ይገባዋል፣ እጅን እስከ ብብት ከትቶ ጥግ የገባችውን እንቁላል በጣት ጫፍ እየገፉ ማውጣት፣ ኩስ ለመጥረግ መንበርከክ፣ አንዷ ከታመመች ደግሞ እሷን ለመያዝ ሲባል ሁሉንም ማስበርገግ። ቆሞ የሚገባበት ሲሆን ቶሎ ቶሎ ይጸዳል፣ ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን ስለማያሰለች ነው። ዶሮዎቹንም በየቀኑ በቅርብ ስለምታዩዋቸው የቷ ክንፏን እንደጣለች የቷ መብላት እንዳቆመች ቶሎ ይታወቃል።

እሺ፣ አሁን ወደ ብረቱ። ኦንላይን የምታዩዋቸው አብዛኞቹ አንድ አይነት ናቸው፤ የሚገጣጠም የብረት ቱቦ፣ ጥቅል ሽቦ፣ ከላይ የሚለብስ ሸራ፣ አንድ በር፣ በቃ። 2 በ3፣ 3 በ4፣ 3 በ6 ሜትር እያሉ ይቀጥላሉ፣ ከፍታቸው ወደ 2 ሜትር ነው። ፎቶው ላይ ያማሩ ዶሮዎች አረንጓዴ ሳር ላይ ይታያሉ፣ ሰውም አይቶ "የቱ ይሰፋል" ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ የምለው ግን ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነገር የተሰራው ዶሮዋ እንዳትወጣ ነው፣ ሌላው እንዳይገባ ማድረግ የገዢው ስራ ነው። ይሄን ይዛችሁ ከጀመራችሁ ምርጫውም አገጣጠሙም መልክ ይይዛል።

ሽቦውን እንይ። አብሮ የሚመጣው ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው የታወቀው የዶሮ ሽቦ ነው። ቀጭን ነው፣ ክሩ ተጠማዞ የተያያዘ እንጂ የተበየደ አይደለም፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ሲዝግ ወይ ሲበጠስ ዙሪያው እየላላ ይሄዳል። ጠንከር ያለ ውሻ በጥርሱ ይዞ ይቀደዋል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 25 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ በዚህ ደግሞ አይጥ ዘና ብሎ ያልፋል፣ እንቁላሉንም መኖውንም ጫጩቱንም ይጨርሳል። ከዚህ የባሰው የማታው ነገር ነው። ዶሮ ሲጨልም ማየት ስለሚያቅታት ቆጥ ላይ ወጥታ ከተቀመጠች በኋላ ቢነኳትም እዛው ፍዝዝ ብላ ነው የምትቀረው፣ እና ሽቦውን ተደግፋ ካደረች ከውጭ ሆኖ እጁን የሚያስገባ አውሬ እግሯን ወይ አንገቷን ጎትቶ ይወስዳል። ጠዋት መጥታችሁ በሩ ዝግ ሽቦውም ደህና ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ዶሮዋ ግን የለችም ወይ ደግሞ ግማሿ ነው ያለው። ሰው "በየት ገባ?" ይላል፣ አልገባም እኮ፣ በቀዳዳው ነው የጎተታት።

መፍትሄው ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር የሆነ የተበየደ ካሬ ሽቦ ነው። ትልቁን አይጥ ያቆማል፣ እጅ አያሳልፍም፣ ውሻ በቀላሉ አይቀደውም። (ትንሿን አይጥ ለማቆም 6 ሚሊሜትር ያስፈልጋል፣ እሱ ግን ለሙሉ ቤት ይከብዳል፣ እኔ ለመኖ ማስቀመጫው ብቻ ነው የተጠቀምኩት።) ሙሉውን መሸፈን የግድ አይደለም። ከመሬት እስከ 1 ሜትር ዙሪያውን፣ ከዛ ደግሞ ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ጥግ ግን ከላይ እስከታች። የቀረው ላይ የመጣው ሽቦ ይቅር፣ ለጭልፊት እሱም ይበቃል። ስለዚህ ባጀት ስትይዙ ትልቁን ገዝቶ ለሽቦ ሳንቲም ከማጣት አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሽቦውን በደንብ መግዛት ይሻላል፣ አለበለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።

ቱቦው ላይ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፣ የአፉ ስፋት (ዲያሜትሩ) እና የላሜራው ውፍረት። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ላሜራው 0.6 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ ራሱ ይሰማችኋል፣ ሰው ቢደገፈው ይታጠፋል። 38 ሚሊሜትር ሆኖ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ሌላ እቃ ነው። ብዙ ሻጮች ውፍረቱን አይጽፉትም፣ ዘዴው ክብደቱን ማየት ነው፤ ሁለት 3 በ4 ቤቶች አንዱ 30 ኪሎ አንዱ 50 ኪሎ ከሆነ ልዩነቱ በአብዛኛው ብረት ነው። ማስታወቂያ "እጅግ ጠንካራ" ሊል ይችላል፣ ኪሎው ግን ብዙም አያወላዳም።

ስለ ዝገት ደግሞ፣ "ጋልቫናይዝድ" የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አያሳውቃችሁም። የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ አለ፣ በኤሌክትሪክ ስስ ዚንክ የተቀባ አለ፣ ሁለተኛው ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ቶሎ ነው የሚዝገው። ብየዳ ያለበት ከሆነ ብየዳው የተሰራው ከዚንኩ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ፣ በኋላ ከሆነ ሙቀቱ ዚንኩን ስለሚያቃጥለው መጀመሪያ የሚዝገው እዛ ጋ ነው። የቆረጣችሁትና የቦረቦራችሁት ቦታ ላይም ዚንክ ያለው ቀለም ቀባ ቀባ አድርጉ፣ ብዙ ስራ አይደለም።

ጣሪያው ሾጣጣ ቢሆን ይመረጣል። ጠፍጣፋው ላይ ሸራው መሃሉ ጎድጎድ ይልና ውሃ ያቁራል፣ ውሃው ሸራውን ይጎትታል፣ ሸራው ቱቦውን ያጎብጣል። በረዶ የሚከመርበት አገር ከሆነማ ጠፍጣፋውን ተዉት። ግን ሾጣጣው ላይ 2 ሜትር የተባለው መሃሉ ሊሆን ይችላል፣ የጎኑን ከፍታ ሳታዩ እንዳትገዙ፣ ግንባራችሁ ነው የሚያውቀው። ሸራውም ጥቁር ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ዶሮ አያልባትም፣ ሙቀት የምታወጣው አፏን ከፍታ እያለከለከች ነው፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጨነቅ ይጀምራሉ። ነጣ ያለ ሸራ፣ ከስሩም አየር የሚያልፍበት ክፍተት። ብረቱ ላይ ቆርቆሮ ለማልበስ ያሰባችሁ ካላችሁም ያው ነው፣ ክፍተቱ አይረሳ።

በሩ የጋሪ ነገር ነው። ቆሻሻ የምታወጡበት የእጅ ጋሪ አብዛኛው ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይሰፋል፣ 60 ሳንቲሜትር በር ያለው ቤት ከገዛችሁ ኩሱን በባልዲ ነው የምትሸከሙት። 80 ቢሆን ጥሩ ነው። መቆለፊያውም አብሮ የሚመጣው ቀላል ሸርተቴ ነው፣ ውሻ በአፍንጫው ገፍቶ ይከፍተዋል፣ ከላይና ከታች አንድ አንድ ጨምሩበት።

የዶሮ ብዛትን በተመለከተ ሻጩ የጻፈውን እርሱት፣ 2 በ3 የሆነውን "ለ15 ዶሮ" የሚሉ አሉ፣ ለማቆም ከሆነ አዎ ይቆማሉ። ለአንዷ 1 ካሬ ሜትር መዋያ ብላችሁ አስቡ፣ ስለዚህ 6። ማደሪያውን ለብቻ ሳጥን አድርጋችሁ ውስጥ ታስገባላችሁ ወይ አንዱን ጥግ በጣውላ ትጋርዳላችሁ፣ ቆጡ የእንጨት ይሁን (ብረት ይንሸራተታል፣ ብርድ ሲሆንም ይቀዘቅዛል)፣ ለአንዷ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይበቃታል። ከእንቁላል መጣያው ከፍ ማለት አለበት፣ ዶሮ ከፍ ያለ ቦታ ነው ማደር የምትወደው፣ መጣያው ከፍ ካለ እዛው ታድርና እንቁላሉን በኩስ ታጨማልቀዋለች። መጣያ ለ4 ወይ ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል፣ ሁሉም አንዱን ነው የሚጣሉበት ለነገሩ።

ወደ መገጣጠሙ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ የሚል ጣሪያው ጋ ሲደርስ ሰው ይጠራል። እኔ ወንድሜን ነው የያዝኩት፣ እሱ ወረቀት አያነብም እኔ ደግሞ ሳላነብ አልነካም፣ እንግዲህ አስቡት። መጀመሪያ ሁሉንም አውጥታችሁ በየፊደሉ ደርድሩ፣ ቱቦዎቹ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸዋል፣ እሱን እንዳትልጡት። አንዳንዶቹ በሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚለያዩት፣ በአይን አይለይም፣ ወንድሜ "ያው ነው ባክህ" እያለ ሲሰካ እኔ ሜትር ይዤ ከኋላ ከኋላው ነበርኩ።

ቱቦዎቹ ጫፋቸው ላይ ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ጉጥ አለች። በአውራ ጣት ተጭናችሁ ቱቦውን ትገፉታላችሁ፣ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ጣ ብላ ብቅ ትላለች። ጣ ካላለች አልገባም ማለት ነው፣ የገባ ቢመስልም፤ ትንሽ እያዞራችሁ ፈልጉት። በመዶሻ እንዳትመቱት፣ የቱቦው አፍ ከተጨፈለቀ ከዛ በኋላ ምንም አይገባበትም። በብሎን የሚታሰር አይነት ከሆነ ደግሞ ዳዶውን በጣት ብቻ ያዝ ያዝ አድርጋችሁ እለፉ፣ በቁልፍ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው።

መሬቱ ልክ ካልሆነ በሩ አይዘጋም። ይሄን ብዙ ሰው በሩ ተበላሽቶ የመጣ ይመስለዋል፣ በሩ ምንም አልሆነም፣ አንዱ የቤቱ ማእዘን ዝቅ ብሎ ፍሬሙን አጣሞት ነው። ውሃ ልክ ይዛችሁ የታችኛውን ፍሬም በአራቱም ጎን እዩ፣ ዝቅ ያለው ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይ ብሎኬት አስገቡ። ከዛ ዲያጎናሉን ለኩ፣ ከማእዘን ወደ ተቃራኒው ማእዘን፣ ሁለቱም እኩል መሆን አለባቸው። የ3 በ4 ቤት ደስ የሚለው ነገር ዲያጎናሉ ልክ 5 ሜትር ነው፣ ትምህርት ቤት የተማርናት ያቺ ሶስት ማእዘን እዚህ ጋ ጠቀመች። 2 በ3 ከሆነ 3 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር አካባቢ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ያኔ ብሎኑን አጥብቁ።

ሽቦ መወጠር አሰልቺው ክፍል ነው፣ ጓንት አድርጉ፣ የተቆረጠው ጫፍ ቆዳ ይልጣል። ከአንድ ማእዘን ጀምራችሁ አንዱ ይጎትታል አንዱ ያስራል፣ በየ15 ሳንቲሜትሩ። አብሮ የሚመጣው ፕላስቲክ ማሰሪያ ለጊዜው ይይዝላችኋል፣ ፀሃይ ሲያገኘው ግን ይደርቅና በአንዴ ጣ ጣ እያለ ይበጠሳል፣ ስለዚህ መሃል መሃሉን በሽቦ እሰሩት በፒንሳም ጠምዝዙት። ሁለት ጥቅል የሚገናኙበት ቦታ 10 ሳንቲሜትር ይደራረብ።

ከታች የሚመጣው ቆፍሮ ነው የሚገባው። መሰረት ቆፍሮ ሽቦ መቅበር ይቻላል፣ ግን ከዛ የሚቀል አለ፦ ሽቦውን ከግድግዳው ስር ወደ ውጭ መሬቱ ላይ መዘርጋት፣ ስፋቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር ይሁን፣ አንዱን ጠርዝ ከታችኛው ፍሬም ጋር አስራችሁ ሌላውን በታጠፈ ሽቦ መሬት ላይ መቸንከር። ውሻም ሆነ ሌላ አውሬ መቆፈር የሚጀምረው ልክ ግድግዳው ስር ነው፣ እዛ ጋ ጥፍሩ ሽቦ ሲያገኝ ትንሽ ይታገልና ይተወዋል፣ ወደ ኋላ 60 ሳንቲሜትር ርቆ ልጀምር የሚል ሃሳብ አይመጣለትም። ሳሩ ጊዜ ሲያገኝ በላዩ ይበቅልና ሽቦው አይታይም።

ንፋስ እንዳይረሳ። ሸራ የለበሰ ቀላል ፍሬም ሃይለኛ ንፋስ ሲገባበት እንደ ጃንጥላ ነው ብድግ የሚለው። አብረው የሚመጡት ሚስማሮች አጫጭር ናቸው፣ እርጥብ አፈር ላይ ምንም አይዙም። 60 ሳንቲሜትር የሆነ ፌሮ በየማእዘኑ ሰያፍ አድርጋችሁ ቸንክሩና ከታችኛው ቱቦ ጋር እሰሩት፣ ትልቅ ቤት ከሆነ መሃል መሃሉም ላይ። የፌሮው ጫፍ እግር እንዳይወጋ ወይ አጥፉት ወይ የሆነ ነገር አልብሱት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ዶሮዎቹን ለማስገባት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ መሬቱን አጽዱ። ሽቦ ስትቆርጡ የምትወድቀውን ቁራጭ ዶሮ የምታብለጨልጭ ስለሆነች ብቻ ትለቅማታለች፣ ከዛ ሆዷ ውስጥ ተቀምጣ ዚንኩ ይሟሟና ይመርዛታል፣ ይገድላታልም። መጥረጊያ አይበቃም፣ ሽቦው ውስጡ ብረት ስለሆነ ጠንካራ ማግኔት በገመድ አስራችሁ ሳሩ ላይ ጎትቱት፣ ምን ያህል እንደሚለቅም ስታዩ ትገረማላችሁ። ብሎኖቹን ደግሞ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ አጥብቁ፣ መሬቱ ሲረጋ ፍሬሙም ቦታውን ስለሚይዝ መላላታቸው አይቀርም፣ ሸራውንም ያኔ አብራችሁ ወጥሩት።