አያቴ እና ሰዓት ጠጋኙ

«ሂሮስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ብቻዬን ለማየት ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛው ክፍል ላይ ተውኩት። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአራት ምዕራፍ የቀረበ ነው። ሰዉ ይበዛል። አንዱ ኒው ዮርክ ነርስ ነው፣ ሌላዋ ቴክሳስ ተማሪ ናት፣ ሌላው ቶኪዮ ውስጥ ቢሮ ተቀምጦ ይሰለቻል፤ ከዕለታት አንድ ቀን መብረር ወይም ጊዜን ማቆም እንደሚችሉ ይደርሱበታል። ማን ምን እንደሚችል ስቆጥር ታሪኩ ያመልጠኛል።

ሦስተኛው ሙከራ የተሳካው በአያቴ ነው። ክረምቱን ጉልበታቸውን ታመው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እኛ ቤት ሰነበቱ። አንድ ማታ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈዝዝህ?» አሉኝና መተርጎም ጀመርኩ። ቃል በቃል ስተረጉም አንቀላፉ። በማግስቱ ትዕይንቱ ሲያልቅ እያቆምኩ እንደ ተረት ነገርኳቸው፤ እንቅልፋቸው ጠፋ። የቶኪዮው ሂሮ በጃፓንኛ ሲናገርማ እኔም ከሥር የተጻፈውን አንባቢ እንጂ ሰሚ አልነበርኩም፤ እኩል ሆንን።

የፈረንጅ ስም ስለማይያዝላቸው ሁሉንም እንደገና ሰየሙ፤ እኔ በደብተር ጻፍኩ። ሂሮ «ሰዓት አቁም»፣ ፖሊሱ «ልብ አንባቢው»፣ ቁስሏ ወዲያው የሚገጥመው ክሌር «ሀብተ ፈውስ» ተባለች። «ለራስ ብቻ የሆነ ፈውስ ምን ይረባል?» ብለው ግን አጉረመረሙ። በሁለተኛው ምዕራፍ ደሟ ሌላውን እንደሚያድን ሲታወቅ ነው የታረቋት።

ሲይለር ሲመጣ ስም መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ልዩ ችሎታ ያላቸውን እየገደለ ችሎታቸውን ይወስዳል። «ይኼማ በላዔ ሰብእ ነው!» አሉ። አያቴ የዘጌ ልጅ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላውን ሰውዬ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ሲያዩ ነው ያደጉት። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ጥያቄያቸው አንድ ሆነ፦ «ውሃውን አልሰጠም?»

«አልሰጠም እማማ።»

«ቆይ፣ ይሰጣል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ጓጉቼ አላውቅም። እኔ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ስጠብቅ፣ እርሳቸው ገዳዩ መቼ እንደሚለመን ይጠብቁ ነበር።

መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ እናደድ ነበር። ኋላ ግን ባትሪው ቢኖርም ኮምፒውተሩን እዘጋውና በሻማ የቀረውን ይገምታሉ፤ ግምታቸው አንዳንዴ ከደራሲዎቹ ይሻል ነበር። ስለዚህ በቀን ከአንድ ክፍል በላይ አላየንም።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ11 ክፍል የተቆረጠው የሆሊውድ ጸሐፊዎች ሥራ በማቆማቸው ነው፤ ሥራቸው በኢንተርኔት ሲታይ ድርሻ ይሰጠን ብለው። ይህን ስነግራቸው «ልክ ናቸው» አሉ፤ ቆየት ብለው «ግን ጨርሰው ቢያድሙ ምን ነበር?» ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ደጉና ክፉው በየማታው ስለሚቀያየር ያደክማል፤ እዚያ ላይ ያለ ሐፍረት መዝለልን ተማርን።

አራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነርሱ ፒተር፣ ወንድሙን የገደለበትን ሲይለርን፣ መስማት የተሳናትን ኤማን እንዲያድን ይዞት ሄደ። አዳናት።

አያቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሰጠ» አሉ። ወደ መኝታቸው ሊሄዱ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። «የሟቹ እናትስ? እርሷ ምን አለች?»

ደብተሩን ገለጥኩ። ለእናትየው ስም አላወጣንላትም ነበር።