ባና በሐምሌ

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ከገባሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ጉሙ ከማለዳ ጀምሮ ደጃችን ላይ ተኝቷል፤ የጎረቤት በጎች ድምፃቸው ይሰማል እንጂ እነርሱ አይታዩም። ይህን የምጽፈው ምድጃ ሥር ተቀምጬ ነው። የዛሬ ሳምንት በዚህ ሰዓት ሮም ውስጥ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር ብል እዚህ ማን ያምነኛል?

ለአንድ ሴሚስተር ወደ ፓዶቫ የሄድኩት በየካቲት ነው። እናቴ ስለ ጣልያን ብርድ ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ ልሸኝ ስል ባና ገዝታ ጠበቀችኝ። ለማያውቀው ሰው፣ ባና ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራ፣ ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሚሸምኑት ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ጠቅልላ በጓሳ ገመድ ሦስት ቦታ አሰረችው። ቋጠሮውን ያጠበቀችው በጥርሷ ነበር። «ጣልያን እንደሆነ ለእኛ አዝኖ አያውቅም» አለች። ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን በተዋጉበት አገር ያደገ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

ፓዶቫ ስደርስ ግን በክፍሌ ግድግዳ ላይ ያለው ማሞቂያ እንደ ምጣድ ይግላል። መስኮት ከፍቼ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ባናውን እንደታሰረ አልጋ ሥር ገፋሁት። እናቴ በደወለች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ብርዱስ?» ነው። የእኔም መልስ አንድ ነበር፤ «ባናው ባይኖር አልቆልኝ ነበር።» ድምፅዋ ሲፈካ ይሰማኛል። ግንቦት ላይ እንኳ፣ ሰው በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ሲሄድ፣ እኔን በስልክ ይበርደኝ ነበር።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አልልም። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1222 ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ከመቆርቆራቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ፈተናው በአብዛኛው በቃል ነው፤ የኔታ ፊት እንደቆመ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ለፊት ትቀመጫለሽ። ውጤቱ ከ30 ይታሰባል፣ ማለፊያው 18 ነው። ወድቄያለሁ ብዬ እያለቀስኩ ከወጣሁበት ፈተና 24 አገኘሁ።

ከባዱ መልቀቁ ነው። አምስት ወር የኖርሽበትን ክፍል በሁለት ቀን ባዶ ማድረግ፤ ወረቀቱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ፣ የምግብ ትራፊውን ለብቻ እየለዩ መጣል። ክፍሉን ሊያይ የመጣው ሰውዬ ግድግዳው ላይ ያለች ጭረት አግኝቶ ከመያዣዬ 40 ዩሮ ቆረጠ። ጭረቷ ስገባም ነበረች። ፎቶ ግን አላነሳሁም፤ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሻንጣዎቼ እያንዳንዳቸው ከ23 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም። መጻሕፍቱን አወጣሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና አወጣሁ። ባናው በመጨረሻ ትከሻዬ ላይ ቀረ። የተረፈችውን በርበሬ ከደቡብ ጣልያን ለመጣችው የክፍል ጓደኛዬ ሰጠኋት። ደረጃው ላይ «ቻው» አለችኝ። የመጀመሪያ ቀን እዚያው ደረጃ ላይ «ቻው» ስትለኝ የምትሄድ መስሎኝ መንገድ ለቅቄላት ነበር። እኛ ስንለያይ ብቻ የምንለውን እነርሱ ሲገናኙም ይሉታል። ቃሉ ፓዶቫ ያለችበት የዚያው የቬኔቶ ክልል ነው አሉ፤ ጥንት «አገልጋይህ ነኝ» ማለት ነበር።

ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ቪየና አለፉ። የእኔ የነዋሪነት ፈቃድ እስከ መጨረሻው ስላልደረሰ፣ የማመልከቻውን ደረሰኝ ብቻ ይዤ ድንበር ማቋረጡን ፈራሁና ወደ ሮም በባቡር ወረድኩ። ሐምሌ ነው፣ ድንጋዩ ሁሉ ይፋጃል፣ እኔ ደግሞ ባና ተሸክሜያለሁ። ቅዱስ ጴጥሮስ በር ላይ ፈታሹ በእጁ ዳሰሰውና «ምንጣፍ ነው?» አለኝ። ብርድ ልብስ ነው አልኩት። ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ገመዱን እንድፈታ በጣቱ አመለከተኝ። መፍታት ስጀምር አሳቀውና በማሽኑ አሳልፎ ለቀቀኝ።

ማየት የፈለግሁት ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን የሐበሾችን ቅዱስ እስጢፋኖስ ነበር። ያለ ፈቃድ አይገባም። አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት እዚያ ነው፤ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ፣ የእኛው የሸዋ ሰው። ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ነው። ለስሕተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን ብለው ጽፈዋል። ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ጣልያን አረፉ። በሩ ላይ ባናዬን መሬት አስቀምጬ ትንሽ አረፍኩ። እርሳቸው ከሸዋ ሲወጡ ማን ምን እንዳሸከማቸው አስቤ መልስ የለኝም።

አዲስ አበባ ገብቼ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን ስደርስ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ጣርማ በር ላይ፣ ጣልያን የሠራው ዋሻ ሳይደረስ ወደ መንዝ ታጠፍን። መዘዞን፣ ሞላሌን በጉም ውስጥ አለፍናቸው።

እናቴ ስማኝ ከጠገበች በኋላ ባናውን ከትከሻዬ ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጣቷ ወደ ቋጠሮው ሄደ። አንዱን ነካች፣ ሁለተኛውን ነካች፣ ሦስተኛው ላይ ቆየች።

«እንዲያ በርዶሽ፣» አለች ሳትቆጣ፣ «መልሰሽ እንደኔ አድርገሽ ማሰሩን ማን አስተማረሽ?»

ምድጃውን አየሁ። እርሷ ጎንበስ ብላ ቋጠሮዎቹን በጥርሷ ፈታችና ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣለችው።