ለመስቀል ወደ ሐዋሳ ለምትመጡ፦ የወባ ነገር

መስቀል ሲቃረብ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገርና ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሐዋሳ የሚመጣው ዘመድ ይበዛል። ሻንጣው በጫማ፣ በሽቶና በቫይታሚን ይሞላል፤ የወባ መከላከያ ክኒን ግን ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። «ተወልጄ ያደግኩበት አገር ነው፣ ምን ይነካኛል?» ይባላል። ይህን የምጽፈው ለዚህ አባባል ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በወባ ከሚታከሙት ሰዎች ትልቁ ድርሻ የቱሪስት አይደለም፤ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ትውልድ አገሩ ደርሶ የተመለሰው ሰው ነው።

ሰውነት ለወባ የሚያዳብረው የመቋቋም አቅም በተደጋጋሚ በመያዝ የሚገኝ ነው፤ ያውም ሙሉ አይደለም። ከአካባቢው ርቆ የኖረ ሰው ያችኑ ከፊል አቅም ቀስ በቀስ ያጣታል። በአገራችን ደግሞ ወባ በአብዛኛው ቦታ ዓመቱን ሙሉ በእኩል አይሰራጭም፣ ወቅት ጠብቆ ይነሣል፤ ስለዚህ እዚሁ የሚኖረው አዋቂ እንኳ በቂ መከላከያ አላዳበረም። ውጭ አገር የተወለዱት ልጆች ምንም የላቸውም። አያታቸውን ሊያዩ የሚመጡት ሕፃናት ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ ለዚህ ነው።

«ወባ የቆላ በሽታ ነው» የሚለውም ሰው ያዘናጋል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ከተማ ናት። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት በአጠቃላይ ወባማ ይባላል፤ ለተጓዦች የሚሰጠው ምክር ደግሞ ጥንቃቄውን እስከ 2,500 ሜትር ያደርሰዋል፣ አዲስ አበባን ብቻ ነፃ አድርጎ። ከባድ ዝናብና ሙቀት ሲገጣጠሙ ምን እንደሚመጣ በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታይቷል፦ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ ቦታዎች በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህል ሞቷል። የቅርቡም ቀላል አይደለም፤ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል።

ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር። ሁለተኛው ከበልግ ዝናብ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይመጣል። የደመራ ምሽት እንግዲህ ልክ በዋናው ወቅት መጀመሪያ ላይ ነው። ወደ አርባ ምንጭ ወይም ጂንካ የምትቀጥሉ ከሆነ መሬቱ ዝቅ ስለሚል አደጋው ይጨምራል፤ ጋምቤላ ደግሞ የባሰ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ እሸት በቆሎ። «እሸት መብላት ወባ ያመጣል» የሚለው የቆየ አባባል ልክ ባይሆንም ያለ መነሻ አልተባለም። እሸቱ የሚደርስበትና ወባ የሚነሣበት ጊዜ ይገጥማል፤ ከዚህም አልፎ ከበቆሎ አበባ የሚረግፈው ብናኝ ውሃ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጭ ተመግቦት ቶሎ እንደሚያድግ እዚሁ አገር የተሠራ ጥናት አሳይቷል። እሸቱን ብሉ፤ ቤታችሁ በቆሎ ማሳ አጠገብ ከሆነ ግን አጎበሩን አትርሱ።

ወደ ክኒኑ ልምጣ። ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ከተቻለ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ፣ የምትኖሩበት አገር ሐኪም ዘንድ ሂዱና ማዘዣ አውጡ። እዚህ ደርሼ እገዛለሁ አትበሉ፤ እዚህ ያለው አቅርቦት ለሕክምና እንጂ ለተጓዥ መከላከያ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። ክሎሮኪን ለኢትዮጵያ ጉዞ አይሆንም፣ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ተላምዶታል።

ለአጭር ጉብኝት ብዙ ሰው የሚስማማው አቶቫኮን-ፕሮጉዋኒል ነው፤ ማላሮን በሚል ስምም ይሸጣል። አዋቂ 250 በ100 ሚሊ ግራም የሆነውን አንድ ፍሬ በየቀኑ ይወስዳል፤ ከመድረሱ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ይጀምራል፣ ከተመለሰ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ለልጅ በኪሎው የሚታዘዝ አነስተኛ ክኒን አለ፤ የአዋቂውን ቆርሶ በግምት መስጠት አይገባም። ይህ መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን በእጅጉ ያንሳል። ጿሚ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ረቡዕና ዓርብ ወይም በገና ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ይውጠዋል። ጾሙን መሻር አያስፈልግም። ምግብ በምትጀምሩበት ሰዓት ዘይት ከገባበት ሽሮ ወይም ከአቮካዶ ጋር ውሰዱት፣ ሰዓቱንም በየቀኑ አንድ አድርጉት። ከዋጣችሁት በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካስመለሳችሁ ድገሙት።

ርካሹ አማራጭ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ 100 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ከመድረስ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከተመለሱ በኋላ ግን 4 ሳምንት። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይወሰዳል፤ ውጦ ወዲያው የተኛ ሰው ጉሮሮውና ደረቱ ይቃጠላል፣ ክኒኑ ምግብ መውረጃው ላይ ተጣብቆ ስለሚያቆስለው ነው። ፀሐይም ቆዳን ቶሎ እንድታቃጥል ያደርጋል። የብረት ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ስለሚያከሽፉት ሰዓታቸው መራራቅ አለበት። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ሜፍሎኪን በሳምንት አንዴ መሆኑ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከጉዞው ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ይጀመራል፣ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሊነካው አይገባም። ለነፍሰ ጡር የሚታሰበው እሱ ነው፤ እኔ ግን እርጉዝ እህት ጉዞውን ከወለደች በኋላ ብታደርገው እመርጣለሁ፣ ወባ እናቱንም ጽንሱንም ክፉኛ ይጎዳል። ለቅሶ ለመድረስ በሁለት ቀን ውስጥ ትኬት ቆርጦ ለሚነሣ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ይሆነዋል።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ልዩነት፣ 7 ቀንና 4 ሳምንት የሚሆነው፣ እንዲሁ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። የወባ ተሕዋስ በንድፊያ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ደም ይወጣል። አቶቫኮን-ፕሮጉዋኒል ጉበት ላይ እያለ ይይዘዋል። ዶክሲሳይክሊን በዋናነት የሚያጠቃው ደም ውስጥ ሲገባ ስለሆነ ሁሉም እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው። አውሮፕላን የተሳፈሩበት ዋዜማ የነደፈች ትንኝ ሥራዋን የምትጨርሰው እናንተ ቤታችሁ ገብታችሁ ሻንጣ ስትፈቱ ነው። ክኒኑን ቦሌ ላይ የሚያቆም ሰው የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

ክኒን ብቻውን አይበቃም። የአገራችን ዋና አስተላላፊ ትንኝ ሰው ተኝቶ እስኪያንኮራፋ አትጠብቅም፤ ከመሸ ጀምሮ፣ ደጅም ቤትም፣ ትነድፋለች። ፍቅር ሐይቅ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ መቀመጥ፣ ግቢ ውስጥ የማታ ቡና፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የሠርግ ዳስ ሁሉም በዚህ ሰዓት የሚውሉ ናቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፣ ካልሲ አድርጉ፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይነደፋል። ያልተሸፈነ ቆዳ ላይ ከ20 እስከ 50 በመቶ ዲት ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን ያለው የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። የፀሐይ ክሬም የምትጠቀሙ ከሆነ እሱ ይቀድማል፣ የትንኝ መከላከያው ከላይ ይሆናል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ዲት አይቀባም፤ ጋሪውን ወይም አልጋውን በአጎበር መሸፈን ነው። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ከትንኝ አያድኑም።

አጎበር ብዙ ቤት አለ፤ አሰቃቀሉ ነው የሚያስቸግረው። እንግዳ ሲበዛ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ልጆች በሰልፍ ይተኛሉ፣ አጎበሩ አልጋ ላይ ካሉት ሽማግሌ ጋር ይቀራል። ለእያንዳንዱ ፍራሽ የሚሆን አጎበር፣ አራት ምስማርና ሲባጎ ቀድሞ ይዘጋጅ። በኬሚካል የተነከረ አዲስ አጎበር ከማሸጊያው ወጥቶ ጥላ ውስጥ 24 ሰዓት ይናፈስ፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ በበረኪና አይታጠብ፣ ኬሚካሉ ይከሽፋል። ጫፉ ፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ ይግባ። ገላ አጎበሩ ላይ ከተለጠፈ ትንኟ ከውጭ ሆና በቀዳዳው ትነድፋለች፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘኑ ይሻላል። የተቀደደውን በመርፌና በክር ስፉት።

የቤት ባለቤት ዘመዶቼም አንድ ነገር ይስሙኝ። የነባሩ ትንኝ እጭ ፀሐይ በሚያገኘው ኩሬ፣ በከብት ኮቴና በጡብ ጉድጓድ ውስጥ ይፈለፈላል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው መጤ ግን በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቀብሪ ደሃር ላይ ከታየች ወዲህ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች፤ በዚያው አቆጣጠር በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከደረቁ ወቅት ወረርሽኝ ጀርባ የነበረችው እሷ ናት። ሮቶውንና በርሜሉን ክደኑ፤ ክዳኑ የተሰበረ ከሆነ በወንፊት ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩ።

አሁን ትኩሳቱ። ከደረሳችሁ ከ7ኛው ቀን ጀምሮ የሚመጣ ማንኛውም ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ወባ እንደሆነ ታስቦ በዚያው ቀን ደም ይታይ። ክኒን እየወሰዳችሁም ቢሆን። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ እየታሸ ሁለት ቀን አይለፍ፤ ፋልሲፓረም በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ደረጃ ሊሸጋገር ይችላል። «ታይፎይድ ነው» የሚለውም ውጤት ብቻውን አያሳርፋችሁ፤ የተለመደው የዊዳል ምርመራ ወባ ባለበት ሰው ላይም በስሕተት አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ምርመራ ጠይቁ። አንዳንዱ የኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት የሚፈልገውን ፕሮቲን ስለማያመርት ኪቱ ነፃ ሊላችሁ ይችላል። የመጀመሪያው ምንም ካላሳየና ትኩሳቱ ካልለቀቀ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት እስከ ሦስት ጊዜ ይደገም።

ፋልሲፓረም ከሆነ በአብዛኛው የሚሰጠው ኮአርተም ነው፤ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በሦስት ቀን 6 ጊዜ፣ እሱም ከቅባት ምግብ ጋር። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ስለተሻላችሁ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው። መቃዠት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የጠቆረ ሽንት፣ የማያቆም ትውከት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከታየ ክኒን አይጠበቅም፤ በመርፌ የሚሰጥ አርቴሱኔት ያለበት ሆስፒታል በዚያው ሰዓት።

ከተመለሳችሁ በኋላ ቫይቫክስ የሚባለውን ሌላ የወባ ዓይነት አስታውሱ። ይህኛው ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው መከላከያ ክኒኖች የተኛውን አይገድሉትም። ፕሪማኪን ይገድለዋል፤ ነገር ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቅ ኢንዛይም እጥረት ባለበት ሰው ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ የደም ምርመራ ይቀድመዋል። በየካቲት በረዶ መካከል ትኩሳት ቢይዛችሁ እዚያ ያለው ሐኪም ኢንፍሉዌንዛ ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። ገና በር ላይ እንደገባችሁ «ባለፈው ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያ ነበርኩ፣ የወባ ምርመራ ይታዘዝልኝ» በሉት፤ የሄዳችሁበትን ከተማ፣ የተመለሳችሁበትን ቀን፣ የወሰዳችሁትን ክኒን ስምና ያቆማችሁበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙና አሳዩት።