ለጾም የሚሆን ሾትቡላር ከነክሬም ሶሱ

ስቶክሆልም ለሚኖር ጾመኛ ከባዱ ወር ታኅሣሥ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። የስዊድኖች ገና ደግሞ ዲሴምበር 24 ይውላል፤ ጾማችን ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን መሥሪያ ቤቱም ጎረቤቱም የገና ማዕድ ይደግሳል። የአሳማ ካም አለ፣ ትንንሽ ቋሊማ አለ፣ በክሬምና በዓሣ የተጋገረ ድንች አለ። ሾትቡላር ደግሞ መቼም አይቀርም። ከተፈጨ ሥጋ ድቡልቡል ተደርጎ የሚጠበሰው ማለቴ ነው።

ልጄ የተወለደችው እዚሁ ነው። እዚህ አገር የትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ነው፤ እሷም ሾትቡላር የለመደችው እዚያ ነው። አምና ጾሙ ሲገባ «እማዬ፣ እኔም እጾማለሁ። ግን ሾትቡላሩስ?» አለችኝ። ልጅ በራሷ ፈቃድ እጾማለሁ ስትል ደስ ይላል። ሁሉም ከበው ሲበሉ እሷ ዳቦና ድንች ይዛ ጥግ እንድትቀመጥ ግን አልፈለግኩም።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሞልቷል። የቤት ዕቃ ሻጩ አይኬያ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአተር ፕሮቲን የተሠራ ይሸጣል። ጊዜ ሲያጥረኝ እኔም የታሸገ እገዛለሁ። ለበዓል ማዕድ ግን እቤት የተሠራው ይበልጥብኛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ፣ ልጄም እጇን ታስገባበታለች።

«ሥጋ ከሌለው ምኑን ሾትቡላር ሆነ?» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የስዊድን ይፋዊ የትዊተር ገጽ፣ ሾትቡላር ንጉሥ ካርል 12ኛ ከቱርክ ይዘውት በመጡት አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ንጉሡ በ1709 ፖልታቫ ላይ በሩሲያ ተሸንፈው ለዓመታት በኦቶማን ቱርክ ግዛት ተጠግተው እንደኖሩ የታወቀ ነው። ምግቡን እሳቸው ማምጣታቸው ግን ያከራክራል። እኔ ግን አንድ ነገር አያለሁ። የተፈጨ ሥጋ አድቦልቡሎ መጥበስ በብዙ አገር አለ። ይህኛውን የስዊድን የሚያሰኘው አጃቢው ነው፦ ክሪድፔፐር የሚሉት ቅመም (በእንግሊዝኛ ኦልስፓይስ)፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ቡናማው የክሬም ሶስ፣ ሊንጎን የሚባለው ትንሽ ቀይ ጎምዛዛ የዱር ፍሬ። እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ምግቡ ሾትቡላር ነው።

ለአራት ሰው እንዲህ አደርገዋለሁ። ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለመጠጥ ስናደርገው እንደምንቆላው ሳይሆን ጥሬውን፣ ፈጭቼ በሦስት ማንኪያ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። አሥር ደቂቃ ሲቆይ ዝልግልግ ይሆናል። እንቁላሉን የሚተካው እሱ ነው። አንድ ትልቅ ሽንኩርት አድቅቄ ከትፌ በዘይት አቁላላለሁ። ቀጥሎ 300 ግራም እንጉዳይ፣ እሱም በደቃቁ የተከተፈ።

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። እንጉዳዩ መጀመሪያ ውሃ ይተፋል፤ መጥበሻው ወጥ የተሠራበት ይመስላል። ከዚያ ውሃው እየመጠጠ ይሄዳል። ድምፁን ስሙት፤ መንተክተኩ ቆሞ መንጫጫት ሲጀምር ውሃው አልቋል። እንጉዳዩ ግን ገና ነው። ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን፣ መጥበሻው ሥርም መያዝ እስኪጀምር ጠብቁ። የሥጋ ጥብስ የሚመስለው ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው። ውሃው ሳይመጥጥ ከወጣ ድብልቁ ይላላል፣ ስትጠብሱትም ይፈርሳል።

ሲበርድ ሦስት ዴሲሊትር (አንዱ ዴሲሊትር 100 ሚሊ ሊትር ነው) የተቀቀለና በደንብ የተጠለለ ድፍን ምስር ጨምሬ ግማሽ በግማሽ አደቀዋለሁ። ሙሉ በሙሉ አላልመውም፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ነገር ይቅር። ከዚያ አንድ ዴሲሊትር አጃ፣ አንድ ዴሲሊትር የዳቦ ፍርፋሪ፣ ተልባው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ትንሽ ሰናፍጭ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ክሪድፔፐር፣ የሱን ግማሽ ነጭ ቁንዶ በርበሬ። ጨው ቀምሳችሁ ነው፤ ሶያው ጨዋማ ነው። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ከዚያ እጅን በቀዝቃዛ ውሃ እያረጠቡ ማድቦልቦል ነው። ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ከተለቀ መሃሉ አይበስልም። መጥበሻውን ሳታጣብቡ በመካከለኛ እሳት ጥበሱ።

በርበሬ፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ አይገቡበትም። የኛ ሰው ቤት ስበላ አንዳንዴ በርበሬ ተጨምሮበት አገኛለሁ። መብል ነው፣ ይጣፍጣል፤ ያኔ ግን ሌላ ምግብ ሆኗል። የክሪድፔፐሩ ሽታ ለስላሳ ነው፣ በርበሬ ሲመጣበት ድምጥማጡ ይጠፋል። የሰው አገር ምግብ በራሱ ጣዕም ይቀመስ እላለሁ። ቃሪያ የሚወድ በጎን ይያዝ።

ሶሱን ያስተማሩኝ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤታችን፣ አንዲት አሮጊት ስዊድናዊት ናቸው። «ሶሱ ላይ አትሳሺ» ይሉኛል። እሳቸው የሚሠሩት በቅቤና በላም ክሬም ነው፤ እኔ ቅቤውን በማርጋሪን፣ ክሬሙን በአጃ ክሬም ለውጬዋለሁ። ማርጋሪን ሁሉ የጾም አይደለም፣ ወተት ያለበት አለ። ጀርባውን አንብቡ፤ ወተት ካለበት ደመቅ ተደርጎ ይጻፋል። የአጃ ወተት ደግሞ የዚሁ አገር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተጀመረው። ወተት ለማይስማማቸው ተብሎ የተሠራ ነገር ለጾመኛ እንዲህ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። በበኩሌ እጅግ አመሰግናለሁ።

በጠበሳችሁበት መጥበሻ ላይ፣ ሳታጥቡት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርጋሪን አቅልጡ። ሦስት ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ጨምራችሁ ጥሬ ሽታው እስኪለቀው አማስሉ። ከዚያ አራት ዴሲሊትር ትኩስ የአትክልት ሾርባ ጥቂት በጥቂት። እንደ ሽሮ ነው፣ አንዴ ከገለበጣችሁት ይጓጉላል። ሥር የያዘው ሁሉ ተፋቆ ሶሱን ቡናማ ያደርገዋል። ሲወፍር እሳቱን ቀንሱና ሁለት ዴሲሊትር የአጃ ክሬም ጨምሩ። አንድ ማንኪያ ሶያ፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ በመጨረሻም ግማሽ ማንኪያ የሊንጎን ማርማላታ። ጣፋጩ ብቻውን አይታወቅም፣ ሶሱን ግን ያስተካክለዋል።

ከጎኑ በአጃ ወተት የተፈጨ ድንች፣ በአቼቶና በስኳር የተነከረ ስስ ኪያርና ሊንጎን። ሊንጎኑን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጫካ ገብተን ራሳችን እንለቅመዋለን፤ እዚህ አገር የዱር ፍሬ መልቀም ለማንም የተፈቀደ ነው። መቀቀልም አያስፈልገውም። ጥሬውን ከስኳር ጋር ማሸት ብቻ ነው፤ ፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ቤንዞይክ አሲድ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። ልጄ ከሾትቡላሩ እኩል ሊንጎን ትጭናለች። አልከለክላትም።

የተረፈው በማግስቱ ሳንድዊች ይሆናል። ስዊድኖች ሾትቡላሩን ለሁለት ሰንጥቀው በማዮኔዝ ከታሸ ቀይ ሥር ጋር ዳቦ ላይ ያደርጉታል። እኔ ማዮኔዙን ትቼ የኛን የቀይ ሥር ሰላጣ አደርግበታለሁ፣ በሎሚና በቃሪያ የተለወሰውን። ቃሪያው እዚህ ላይ ተፈቅዷል። ጎረቤታችንም አንድ ቀምሰው ሁለተኛ ጠይቀዋል።